የሳሎናችን ቢጫ ወፍ

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሰው ቤት ገብቼ መስኮት እለካለሁ፣ ጨርቅ አስመርጣለሁ፣ ሰፍቼ እሰቅላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሳሎን መሐል ቆሜ “እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር” ስል ኖሬያለሁ። ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዬ መጋረጃዋን ሰቅዬላት ስጨርስ በመስኮቷ ወደ ውጭ እያየች “ይሄንን ዛፍ ግድግዳዬ ላይ ባደርገው ኖሮ” አለችኝ። በማግስቱ ካሜራ ገዛሁ። ሰፈራችን ውስጥ ኩሬ ያለው መናፈሻ አለ። እሱን እያነሳሁ፣ በትልቁ እያሳተምኩ፣ ከመጋረጃው ቀለም ጋር እያስማማሁ ለደንበኞቼ ላቀርብ ነበር ዕቅዴ። ዕቅዱ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ እጄ ላይ ነው።

ሁለት ወር ያህል ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት መናፈሻው ውስጥ ስንከራተት ከረምኩ። ያነሳሁት ዛፍ ሁሉ ይዘማል። አበባ ሳነሳ ከኋላው የቆሻሻ መጣያው ይገባብኛል። አግዳሚ ወንበር ሳነሳ የራሴ ጥላ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ይገኛል። የመስኮት ስፋት በዓይኔ ገምቼ ግማሽ ጣት የማልስት ሰውዬ፣ ካሜራ ስይዝ ዓይኔ የት እንደሚሄድ እንጃ።

ይህን ሁሉ መከራዬን የሚያይ አንድ ሰው ነበር፤ የመናፈሻው አትክልተኛ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ የጎማ ቡት ከእግራቸው የማይለይ ሰው ናቸው። እኔ “ጋሼ” እላቸዋለሁ፣ እሳቸው “ወንድሜ” ይሉኛል። አንድም ቀን ስቀውብኝ አያውቁም፤ በእሳቸው ቦታ እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

“ኩሬውን በጠዋት ነው መያዝ” አሉኝ አንድ ቀን። “ነፋስ ከተነሳ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የሚሆነው።” ካሜራዬን አየት አድርገው “ብሞክራት ትቆጣለህ?” አሉኝ።

“ምን ገዶኝ ጋሼ!”

“ለባለቤቴ ነው። እግሯን ካመማት ሦስት ዓመት አለፋት፤ ከቤት አትወጣም። ድሮ ምሳዬን ይዛልኝ ትመጣና እዚህ ኩሬ ዳር ነበር የምንቀመጠው። አሁን በገባሁ ቁጥር ‘ኩሬው እንዴት ዋለ?’ ትለኛለች፤ እንደ ሰው ደህንነቱን ትጠይቃለች። ግድግዳዋ ላይ ባደርግላት ብዬ ነው።”

ካሜራውን ሰጠኋቸው፣ የሚጫኑትንም አሳየኋቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ግራና ቀኝ ጠረጉና ውሃው ዳር ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኙ። ክርናቸውን ተክለው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። በመጨረሻ ካሜራዋ አንዴ ቀጭ አለች።

“በቃኝ” ብለው ተነሡ፣ ደረታቸው ጭቃ ለብሶ።

ያን ቀን ከሥራ ገብቼ የጠዋቱን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ስከፍት፣ ከእኔ አሥራ ስምንት ዘማማ ዛፎች ቀጥሎ የእሳቸው አንዲት ፎቶ ወጣች። ከኩሬው ማዶ የቆሙት ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ እነዚያው ዛፎች ውሃው ውስጥ ተዘቅዝቀው አሉ። ውሃው ከመርጋቱ የተነሳ የቱ ዛፍ የቱ ጥላ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀናሁ። አልዋሽም።

በዚያው ቅጽበት ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። “ውይ! አንተ ነህ ይሄን ያነሳኸው?” አለች። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ትሕትና ቆጠረችልኝና እናቷን ጠራች።

አማቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ልጇን ለመሐንዲስ አስባ ለመጋረጃ ሰፊ ስለሰጠች ቅሬታዋ አልወጣላትም። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ ባታውቅም ስሜን ጠርታኝም አታውቅም፤ “መጋረጃው” ነው የምትለኝ። “መጋረጃው መጣ?” “መጋረጃው ራቱን በላ?” ያን ዕለት መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ፎቶውን አየች። “አንተ ለካ አርቲስት ነህ” አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ይህ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አትክልተኛው የመናፈሻው በር ላይ ጠበቁኝ። “እህስ፣ እንዴት ሆነችልኝ?” አሉ፣ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ።

“ተበላሽታለች ጋሼ” አልኳቸው። “ጠቁራ ነው የወጣችው።”

መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። “ይሄ እጅ አካፋ ነው የለመደው” ብለው ሳቁና የውሃ ቱቧቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ካሜራዬን ዳግመኛ ልያዝ አላሉም። እኔም ፊታቸውን ላለማየት ሰዓት ቀየርኩ፣ በኋላም ጭራሽ መሄዱን ተውኩት።

ፎቶውን ግን አሳተምኩት። ርዝመቱ ከሶፋችን እኩል ነው። ፍሬም የሚሠራው ሰው መንጠቆ አድርጎ ሰጠኝ፣ እኔም መንጠቆው ባለበት በኩል ሰቀልኩት። ከሥሩ የትራሶቹን ልብስ ቀየርኩ፣ ለመስኮቱም ከውሃው ቀለም ጋር የሚሄድ ሳሳ ያለ መጋረጃ ሰፋሁ። ለደንበኞቼ ግን አንድም አላሳተምኩም። ሌባም ብሆን ልክ አለኝ መሰለኝ።

ቢጫዋን ወፍ ያገኘቻት አማቴ ናት። ፎቶው ላይ፣ ከዛፎቹ በላይ ሰማዩ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቢጫ ነገር አለች። “ወፍ!” አለች አማቴ። “ስታልፍ ነው የቀለባት!” እኔ ራሴ ያን ጊዜ ነው ያየኋት። የሰው ፎቶ የእኔ ነው ብሎ የሚያወራ ሰው፣ ለካ ፎቶውን አተኩሮ አያየውም። ጎረቤት ሲመጣ አማቴ ወፏን ታሳያለች፣ እንግዳው “እንዴት አገኘሃት?” ይለኛል፣ እኔም “ሦስት ጠዋት ጠበቅኳት” እላለሁ። በኋላ በኋላ አራት ጠዋት አደረግኩት።

ስምንት ወር እንዲህ ኖርን።

አንድ ቅዳሜ የመስኮቱን መጋረጃ አውርጄ ጫፉን እየሸመለልኩ ሳለሁ በሩ ተከፈተና አማቴ ገባች። የማሰሮ አበቦቿ ሰሞኑን እየደረቁ ስለነበር መናፈሻው ድረስ ሄዳ ሰው ፈልጋ መጥታለች። “ይግቡ፣ ይግቡ” ትላለች ወደ ኋላዋ። የጎማ ቡታቸውን በራፉ ላይ አውልቀው በካልሲ የገቡት አትክልተኛው ነበሩ።

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ቀና ማለት ስላልቻልኩ ካልሲያቸውን ነው ያየሁት። አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ተሰፍቷል። ስፌቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው የሰፋው። ማን እንደሰፋው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

“ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ ወንድሜ! ጠፋህ እኮ” አሉኝ። አበቦቹን ጎንበስ ብለው አዩ፣ አፈሩን በጣታቸው ነካኩ፣ ከዚያ ቀና ሲሉ ሶፋው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ።

ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ግራ።

“አዩልኝ?” አለች አማቴ። “አማቼ ነው ያነሳው። ያቺን ወፍ አራት ጠዋት ጠብቆ!”

“ወፍ?” ቀረብ ብለው አዩ። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ቁጣ ብጠብቅም የለም። የሆነ ነገር እያሰሉ ያሉ ይመስሉ ነበር። “እትዬ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ይሄ ፎቶ ተዘቅዝቆ ነው የተሰቀለው።”

አማቴ ሳቀች። “ኧረ ምን ነካዎት!”

“ይቺ ወፍ አይደለችም፣ ቅጠል ናት። ውሃው ላይ ተኝታ ነው። ሰማይ ላይ ምን ትሠራለች? ይሄ ከላይ ያለው ኩሬው ነው፣ ዛፎቹ ከታች ያሉት ናቸው። ይቺን መንታ ግንድ የተከልኳት እኔ ነኝ፣ ወደ ግራ ነው የምትዘመው። እዚህ ወደ ቀኝ ዘማለች።”

ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሦስቱም ወደ ፎቶው ሲያዩ ቆዩና፣ ከዚያ አማቴ ወደ እኔ ዞረች። “አንተ! አራት ጠዋት ጠበቅኳት አላልክም?”

 መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል ሰው፤ እኔ ከሶፋው ሥር መግቢያ ባገኝም ይበቃኝ ነበር። 

“አይፍረዱበት እትዬ” አሉ አትክልተኛው። “ጭቃ ላይ በሆድ ተኝቶ የሚያነሳ ሰው ላይና ታቹ ይምታታበታል። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ደረቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የተነሣው።” ወደ ፎቶው እንደገና አዩ። “ቆንጆ አድርጎ ነው ያነሳት” አሉ።

የራሳቸውን ጭቃ አለበሱኝ። ከዚያ አበቦቹ ውሃ በዝቶባቸው እንጂ አንሷቸው እንዳልታመሙ ለአማቴ አስረድተው ወጡ። እስከ በራፉ ሸኘኋቸው። ቡታቸውን ለማድረግ ደረጃው ላይ ሲቀመጡ፣ “ጋሼ፣ እኔ…” ብዬ ጀመርኩ።

“አልጠቆረችም ለካ” አሉኝ። ቀና ብለው ሲያዩኝ እየሳቁ ነበር፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚስቁት። “ስምንት ወር ሙሉ ይሄን እጄን ስታዘበው! ለባለቤቴም ‘አበላሸሁት’ አልኳት፣ እሷ ናት ያጽናናችኝ። ልሂድና ልንገራት።” መንገዱን ከአመጣጣቸው በፈጠነ እርምጃ ተያያዙት። ቢሰድቡኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር።

ስገባ ባለቤቴና አማቴ ፎቶውን አዙረው ሰቅለውታል። ፍሬሙ በዚያኛው በኩል መንጠቆ ስላልነበረው በገመድ አንጠልጥለውታል። ቀና ሲል ጭራሽ ሌላ ሆነ። ዛፎቹ ቆመዋል፣ ቅጠሏ ከታች ረግታ ተኝታለች። “አሁን ገና ትንፋሽ አገኘ” አለች አማቴ። “አርቲስቱ፣ ና የራስህን ሥራ እይ!”

“የእኔ አይደለም” አልኩ። “እሳቸው ናቸው ያነሱት። ለታመመች ባለቤታቸው ብለው። እኔ ተበላሸ ብዬ ዋሸኋቸው።”

 ባለቤቴ ገመዱን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው እምቢ ሲላት ላግዛት ብል እጄን በክርኗ ገፋችው። አማቴ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረገችው። “ስንቱን ሰው ጠርቼ አሳየሁ” አለች ለራሷ። ከዚያ ያው የድሮ ድምፅዋ መጣ። “ተሸክመህ ውሰድላቸው። አሁኑኑ። በል ተነሣ፣ መጋረጃው።”

ያን ያህል ትልቅ ነገር ተሸክሞ በቅዳሜ ከሰዓት ሰፈር ለሰፈር መሄድ ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። “ምን ያምራል!” ያለኝ ሁሉ በጥፊ የመታኝ ያህል ነበር። ቤታቸውን የመናፈሻው ዘበኛ አሳየኝ።

አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው ከመስኮቱ ሥር፣ መስኮቱ ላይ አጥሮ የቀረ ጨርቅ። ባለቤታቸው ትራስ ተደግፈው፣ ጭናቸው ላይ መርፌና ክር ይዘው ተቀምጠዋል። ገና ሳልገባ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

“ና ልጄ! ነገረኝ እኮ! ጠቁራለች ብለህ ደብቀኸው፣ ለካ በትልቁ አሳትመህ ልታስደንቀን ኖሯል!”

አትክልተኛውን አየኋቸው። ራሳቸውን በጥቂቱ ነቀነቁልኝ፣ አትናገር እንደ ማለት። የሚስታቸው ደስታ እንዳይደፈርስ ነው። ይቅርታ የምልበት ቦታ እንኳ አጣሁ። መዶሻ ሰጡኝ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ፍሬሙ የሚያርፍባቸው ሁለት ምስማሮች መታሁ። ፍሬሙን ካነሳሁት በኋላ እጄ ላይ አንዴ ስለተገላበጠ ግራ ገባኝ፣ በዚያ ላይ ዓይኔ በእንባ ደብዝዞ ነበር።

“ጋሼ፣ ላዩ የቱ ነው?” አልኩ።

“ቅጠሏን ወደ ታች” አሉኝ።

ሰቀልኩት። ባለቤታቸው መርፌያቸውን ትራሱ ላይ ሰክተው አተኩረው አዩት። ሲቆይ፣ “እንዴት ውለሃል?” አሉት ኩሬውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንተስ ቤትህ ምን ሰቀልክ?” አሉኝ።

“ምንም እናቴ። ምስማሩ ብቻ ነው ያለው።”

“ውይ!” አሉና ባላቸውን አዩ። “የራሱን ግድግዳ ባዶ አድርጎ ለእኛ አመጣ? አይሆንም። ለእሱም አንድ አንሳለት እንጂ!”

“ካሜራውን ካመጣልኝ ምን ገዶኝ” አሉ አትክልተኛው። “ነገ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ።”

እሺ አልኩ። ቀና ብዬ ሁለቱንም ማየት ስላቃተኝ መዶሻውን እጄ ላይ እያገላበጥኩ ቆየሁ።