የሊሴሎተ የክርስትና እናት

ኢንከን በሩን ስትገፋው ሽታው ፊቷን መታት። በረኪና ነው፤ ከበረኪናው ሥር ደግሞ ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀው ያ ኮምጣጣ ሽታ አለ። ከሁለቱ በላይ ጽጌረዳ ይሸታል። የሆነ ሰው በየአየር ማስገቢያው ሽቶ ነፍቶበታል። ሦስቱም ተደባልቀው ቋቅ አሰኟት።

የወጣችው መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ነበር። ላይኛው ፎቅ፣ እግር የሚውጥ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል፣ ለመርከቧ ስም ማውጣት በዓል ፀጉሯን ሲሠሩላት ቆይተው "በግራ በኩል ነው" አሏት። በግራ ሄዳ፣ ደረጃ ወርዳ፣ የመርከቧ ሠራተኞች የሚኖሩበት ወለል ላይ ደረሰች። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። በየበሩ ሥር ባልዲ ተቀምጧል። የአንዱ ክዳን በደንብ አልተገጠመም። ኢንከን አንዴ አየችና ፊቷን አዞረች።

አንዱ በር ተከፍቶ ልጇ ስቬንያ ወጣች። ጓንት አጥልቃለች፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍናለች። የመርከቧ ነርስ ናት፤ ሥራ የጀመረችው በቅርቡ ነው።

"እማ! አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሽንት ቤት ጠፍቶኝ ነው። ይሄ ምንድን ነው ስቬንያ?"

"ምንም አይደለም። ነይ፣ ከዚህ እንውጣ።"

"ምንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ይገማል?"

ከክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው አቃሰተ፤ ከዚያም አንጀቱ እስኪገለበጥ ሲያስመልስ ተሰማ። ስቬንያ በሩን በክርኗ ዘጋችው።

"ሆዳቸውን ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ትውከትና ተቅማጥ። ወጥ ቤት ጀመረ፤ አሁን ግማሹ ወጥ ቤት እዚህ ተኝቷል።"

"ሐኪሙስ ምን ይላል?"

"'የባህር ሕመም ብለሽ መዝግቢ' አለኝ።"

"የባህር ሕመም? መርከቧ እኮ ከኪል ወደብ ንቅንቅ አላለችም!"

"ማታ ትነሳ የለ? ያኔ የባህር ሕመም ይሆናል።" ስቬንያ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ኢንከን ክፉ ነገር ለማሰብ ቀስቃሽ አያስፈልጋትም። ልጇ ትምህርት ቤት ሳለች እንኳ አውቶቡሱ ትንሽ ሲዘገይ ገደል የገባ ይመስላት ነበር። አሁን ደግሞ ስቬንያ እዚያ ጠባብ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ በረኪና እየሸተተች ታየቻት። በዙሪያዋ ባህር ብቻ ነው፤ የሚደርስላት ሰው የለም።

"ዛሬ ከእነሱ ጋር አትሄጂም።"

"እሄዳለሁ እንጂ። የሙከራ ጊዜዬን እኮ አልጨረስኩም እማ። የነበርኩበት ሆስፒታል ከተዘጋ ወዲህ ሳሎንሽ ሶፋ ላይ ስንት ጊዜ ተኛሁ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ሶፋው ምን አለው? ሶፋው ላይ ማንም አልታመመም።"

"ስሚኝ። ይሄ ነገር ከወጣ 'ማን ነገራት?' ነው የሚባለው። 'ነርሷ ልጇ!' ነው መልሱ። ከዚያ በኋላ የትም መርከብ ላይ አይቀጥሩኝም። ዛሬ ብቻ ዝም በይልኝ።"

ኢንከን አንድ ነገር ትዝ አላት።

"ዳቦውስ?"

"የቱ ዳቦ?"

"እኔ የማጎርሰው ነዋ!"

ስቬንያ የዘጋችውን በር አየችና አቀረቀረች። "ጠዋት የጋገረው እዚህ ውስጥ የተኛው ነው። ጋግሮ ሲጨርስ ነው የወደቀው።"

ማጉረሱ የመርከቧ ባለቤቶች የእነ ቶንሰን ቤተሰብ ወግ ነበር። የቶንሰን መርከቦች የተጀመሩት በቅቤ ነው። ያኔ ከወደቡ ትንሽ ራቅ ሲሉ ቀረጥ ስለማይጠየቅ፣ የኪል ጡረተኞች በአሮጊቷ መርከብ "ዶራ" ተሳፍረው ወደ ባህር ይወጡና ርካሽ ቅቤ፣ ሲጋራና አረቄ በዘንቢል ሞልተው ይመለሱ ነበር። ኢንከን ያኔ ወጣት ነበረች፤ ቅቤ ሻጭ። ሕጉ ተለውጦ የቅቤው ጉዞ ሲቀር እነ ቶንሰን ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ገዙ። ያ ወግ ግን አልቀረም፤ አዲስ መርከብ ስም ሲወጣላት የክርስትና እናት የምትባለው ስም አውጪ ሴት የሻምፓኝ ጠርሙስ መርከቧ ላይ ከሰበረች በኋላ ዳቦ ላይ ቅቤ ቀብታ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ታጎርሳለች። ከዚያ ቅርጫቱ ለሕዝቡ ይዞራል። ሌላ ጊዜ የክርስትና እናት የምትሆነው ዘፋኝ ወይም የሚኒስትር ሚስት ናት። ዘንድሮ ግን "ከእኛው ሰው ይሁን" ብለው ኢንከንን ጠሯት። ግብዣው የደረሳት ቀን በደስታ አልቅሳለች። አሁን ያንን ስታስብ በራሷ አፈረች።

እጇን ታጥባ፣ እንደገና ታጥባ ወደ ወደቡ መድረክ ወጣች። ባንዱ ይነፋል። ነጯ መርከብ ከበላያቸው እንደ ፎቅ ቤት ቆማለች። ሊሳፈር የመጣው ሕዝብ ሻንጣውን ይዞ ወደቡን ሞልቶታል፤ አብዛኛው ፀጉሩ የሸበተ ነው። አንዳንዶቹ ዓሣ በዳቦ እየበሉ ከወፎቹ ጋር ይሻማሉ።

የድርጅቱ ባለቤት ቶንሰን ሽክ ብሎ ለብሶ ንግግር ጀመረ።

"አያቴ የነበራቸው አንዲት ጀልባና አንድ ህልም ነበር!" አለ።

የነበራቸው ቅቤ ነው፣ አለች ኢንከን በልቧ።

የእህትማማቾቹን መርከቦች ስም አንድ በአንድ ጠራ። ሁሉም በቤተሰቡ ሴቶች የተሰየሙ ናቸው፤ ካሮላ፣ ሄድቪግ፣ ማርግሬተ፣ ዛሬ ደግሞ ታናሺቱ ሊሴሎተ። ስለ ዶራ ሲያነሳ ድምፁን አለሰለሰ። "እናታችን ዶራ ዛሬ በሞቃት ባህር ዳርቻ በክብር አርፋለች።"

ኢንከን ዶራ ያረፈችበትን ቦታ በቴሌቪዥን አይታዋለች። በሩቅ አገር ጭቃ ላይ ተጎትታ ወጥታ፣ ጫማ የሌላቸው ሰዎች በእሳት እየቆራረጧት ነበር፤ ከሆዷ ጥቁር ዘይት ይፈሳል። በክብር አርፋለች! ዶራ ላይም ሰው ያስመልስ ነበር። ማዕበል ሲነሳ ኢንከን ራሷ ባልዲ ይዛ ሮጣለች። ግን ያኔ ትውከት ትውከት ነበር፤ ማንም በጽጌረዳ ሽቶ አልሸፈነውም።

ተራዋ ደረሰ። የተሰጣትን ቃል ተናገረች፤ "ሊሴሎተ ብዬ ስም አውጥቼልሻለሁ፤ አንቺም፣ የሚሳፈሩብሽም፣ የሚሠሩብሽም በደህና ሂዱ፣ በደህና ተመለሱ።" "የሚሠሩብሽም" ስትል እነዚያ ባልዲዎች ታዩዋት። ጠርሙሱ እንዳይሰበር ፈጣሪዋን ለመነች፤ ያልተሰበረ ቀን ባህረኛ መርከብ ላይ አይወጣም። ጠርሙሱ ግን ከመርከቧ ደረት ጋር ተላትሞ ብትንትን አለ። ሕዝቡ ጮኸ፤ መርከቧ ጆሮ በሚሰነጥቅ ድምፅ መለሰች።

የመጀመሪያው ተሳፋሪ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጡ። አቶ ዲትሌፍ ናቸው፤ የዶራ የድሮ ደንበኛ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ክራቫታቸውን ሰው እንዳሰረላቸው ያስታውቃል።

"አንቺ የቅቤዋ ልጅ!" አሏት። "አረጀሽ እኮ!"

"እርስዎስ መቼ ቀረልዎት?"

"እኔማ ሳገኝሽም አርጅቼ ነበር። ያኔ ሚዛኑ ላይ ጣትሽን ትጫኚ ነበር አይደል? አውቃለሁ!" ሕዝቡ ሳቀ። "ስሚ፣ ለዚህ ጉዞ ብዬ ጠዋት ምንም አልቀመስኩም። በይ አጉርሺኝ።"

ዳቦው ገና ለብ ያለ ነው። ኢንከን ቅቤውን ቀባች። ጠዋት ሊጡን ያቦኩት እጆች፣ ያ በር፣ ከበሩ ኋላ የሰማችው ድምፅ አንድ ላይ ታወሷት። አቶ ዲትሌፍ እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ምላሳቸው ገርጥቷል። እኚህ ሰው ሁለት ቀን ቢያስመልሱ ሦስተኛውን አያዩትም።

ወደ አፋቸው የዘረጋችው እጇ ግማሽ ላይ ቆመ።

"ምነው? ቅቤው ተወደደብሽ?" አሉ ሽማግሌው።

ቶንሰን ጠጋ አለና ፈገግታው ሳይጠፋ ጆሮዋ ሥር "ያጉርሷቸው እንጂ ወይዘሮ ኢንከን፤ ካሜራው እየጠበቀ ነው" አላት። እሱም ጽጌረዳ ይሸታል።

ኢንከን ቀና አለች። ከላይ፣ ነጭ ከለበሱት ሠራተኞች መካከል፣ ስቬንያ መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቁልቁል ታያታለች። ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እንዳትናገሪ እማ።

ኢንከን ዳቦውን የጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ላይ ደፋችው። ቅቤው ጨርቁ ላይ ተለጠፈ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገችና ማይክሮፎኑን ከማቆሚያው ነቀለች።

"ይሄን ዳቦ ማንም እንዳይበላ" አለች። "ወጥ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ታመዋል። ታች ተኝተዋል፤ ያስመልሳቸዋል። መጸዳጃ ቤት ስፈልግ ተሳስቼ ወርጄ በዓይኔ አየሁ።"

ቶንሰን ማይክሮፎኑን ሊቀማት እጁን ሲዘረጋ ጀርባዋን ሰጠችው። ሌላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ባህር ሕመሙ። ዋጠችው። ወደ ላይ፣ ወደ ልጇ ላለማየት አንገቷን አደነደነች።

"የነገረኝ ሰው የለም" አለች። "ከመርከቧ ሰዎች አንድም ያነጋገርኩት የለም።"