እንዳትይዙኝ

የሱቁ ቁልፍ የሚያድረው ወንድሜ ጃቢር ኪስ ውስጥ ነው። ጨርቅ የምሸጠው እኔ፣ ዕቃ የማስመጣው እኔ፣ ጠዋት ጠዋት የተዘጋ በር ላይ የምገተረውም እኔ። እሱ ይተኛል። ጎረቤቶቻችን ከፍተው፣ ጠርገው፣ ሁለት ሦስት ደንበኛ ሸኝተው ሲጨርሱ ቤት ስደውል ጃቢር ገና ፊቱን እየታጠበ ነው ይሉኛል። ከዚያ ካልሲ ይፈልጋል።

አንድ ቀን ቁልፉን ስጠኝ አልኩት።

"የአባታችን ቁልፍ እኮ ነው" አለ። "ከሰማይ ስትወርጂ እሰጥሻለሁ።"

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበረ። ሁሉም ሳቀ።

"ሰው ሰምቷል" አልኩት።

ከከተማ ወጣ ብሎ ወለቃ በኩል ከአፋፍ ላይ በፓራሹት የሚያዘልሉ ሰዎች መምጣታቸውን የባጃጅ ሹፌር ነግሮኝ ነበር። ሄድኩ። አስተማሪው ቻላቸው ይባላል። የድሮ አየር ወለድ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ አሁን ቱሪስት ያዘልላል።

"አውሮፕላኑ የታለ?" አልኩት።

"አውሮፕላን የለም። ከአፋፉ ትሮጫለሽ፣ ጨርቁ ነፋስ ይሞላል፣ ያነሳሻል።"

ጨርቁን በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። ናይለን ነው፤ ግን ሸጋ ናይለን።

"በል ልዝለል።"

"መጀመሪያ መውደቅ ትማሪያለሽ።"

"መውደቅ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?"

"እግር እንዳይሰበር ያስፈልገዋል" አለና ወደ አንድ የድንጋይ ካብ ወሰደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን እግር መግጠም፣ ጉልበት ማላላት፣ አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፤ መሬት ሲነኩ ደግሞ ወደ ጎን ተንከባሎ መነሳት። ማንም ሳይይዘኝ ራሴ ወድቄ ራሴ ካልተነሳሁ ቻላቸው ወደ አፋፉ አያወጣኝም።

ይህን ሳወራችሁ ሱቁ ደንበኛ መጣ። ሁለት ሜትር ጨርቅ ቆረጥኩለት። ሄደ።

ችግሩ ካቡ ያለው መንገድ ዳር ነው። መንገድ ዳር ደግሞ ሸክላ ሻጮቹ አሉ። የመጀመሪያውን ስዘል ገና መሬት ሳልነካ "እኔን" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው ብብቴ ሥር ገብቶ አንጠለጠለኝ። መሰረት ትባላለች። ክንዷ የኔን ጭን ያህላል። ገዢ አቁማ ነው የመጣችው።

"እኔን ልጄ። ምነው፣ ምን አገኘሽ?"

"እየተማርኩ ነው።"

"ምን?"

"መውደቅ።"

እኔን አየችኝ። ቻላቸውን አየችው። "አንተ፣ የሰው ልጅ ከካብ እየወረወርክ ደግሞ ትምህርት ትላለህ?"

እንደገና ስዘል እንጨት የጫነ ገበሬ አህያዋን ለቆ ያዘኝ። አህያዋ ወደ ከተማ ሄደች። ቀጥሎ ባጃጅ ቆሞ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወረዱ። አንዲት ሴትዮ ደንግጣለች ብላ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨችብኝ። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ የለም። ደግ ነው። ደግነቱ ግን ካብ ላይ አስቀረኝ።

"አልቆጥረውም" ይላል ቻላቸው በያዙኝ ቁጥር። "ተይዘሻል።"

መሰረትን ለመንኳት።

"እናቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትይዢኝ።"

"እሺ።"

ዘለልኩ። ያዘችኝ።

"እሺ ብለሽኝ አልነበረም?"

"እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ስለዚህ ለእጇ ሥራ ሰጠሁት። ትልቁን እንስራ አነሳሁና አስታቀፍኳት። ሮጬ ካቡ ላይ ወጣሁ፣ ዘለልኩ። "እኔን" አለች፣ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ እንስራው አሳዘናት፣ ቆመች። ወደቅኩ። ተንከባለልኩ። ተነሳሁ። ማንም አልነካኝም።

ከዚያ በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ማሰሮ ይታደለው ጀመር። አንዳንዱ ሲያቅፈው ወደደው መሰለኝ፣ ገዝቶት ይሄዳል። መሰረት መቼ ነው ደግሞ የምትወድቂ ትለኝ ጀመር።

የምዘልበት ቀን ጃቢር መጣ። ሊስቅ ነው የመጣው። ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ሰዓቱን አስሮ፣ ከአፋፉ ሥር፣ የማርፍበት የታጨደ የገብስ ማሳ መሀል ቆመ።

"ቃልህ ቃል ነው?" አልኩት።

"ቃል ነው። ግን ማንም ሳይይዝሽ። ከተያዝሽ ቁልፉን እርሺው።"

ሰው ሁሉ ሰማ። ሁሉም ማሰሮውን ይዟል። መሰረት ለጃቢርም አንድ አቀረበችለት።

"እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ማሰሮ አላቅፍም" አለ።

"ኋላ እጅህ እሺ አይልህም" አለችው። አልሰማትም።

አፋፉ ላይ ወጣን። ሄልሜቱ በሻርፔ ላይ አልገባ ብሎ ታገልነው። ቻላቸው ማሰሪያውን አጠባበቀ፣ ሬዲዮ ደረቴ ላይ ሰካ፣ "ሩጪ" አለ። ቢስሚላህ ብዬ ሮጥኩ። መሬቱ አለቀ። እግሬ ግን ሩጫውን አላቆመም፣ አየር ላይ ትንሽ ሮጥኩ።

አየር ላይ ብዙ የሚሠራ ነገር የለም። መንገዱ አለ፣ ማሳው አለ፣ የጃቢር ኮፍያ አለ። ነፋሱ አንድ ቦታ ያንሳፍፈኛል።

"ቶሎ ማውረጃ የለውም?" አልኩ በሬዲዮ።

"የለውም። ዝም ብለሽ ተደሰቺ።"

ትንሽ ተደሰትኩ። ከዚያ መውረድ ጀመርኩ።

ጃቢር ሲስቅ ይታየኝ ነበር። ቀረብ ስል ሳቁን ተወ። ቀረብ ስል ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ መሮጥ ጀመረ።

"እኔን ዐዚዛ፣ እኔን እህቴ።"

"ዞር በል" አልኩት። "ዞር በል አንተ ሰውዬ፣ ቁልፌን ታስቀርብኛለህ።"

ወደ ግራ ሳብኩ፣ ወደ ግራ ሮጠ። ወደ ቀኝ ሳብኩ፣ ወደ ቀኝ ሮጠ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። እግሬን ገጠምኩ፣ ጉልበቴን አላላሁ፣ አገጬን ለጠፍኩ። ያረፍኩት ጃቢር ላይ ነው። እንደተማርኩት ወደ ጎን ተንከባለልኩ፣ እሱም ላይ ነው የተንከባለልኩት። ከዚያ ተነሳሁ። እሱ አልተነሳም።

"ይዣታለሁ" አለ ከመሬት። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ ያለው እሱን ነው። "ሰው ይመስክር። ይዣታለሁ፣ ቁልፉ ቀረ።"

ቻላቸው ከአፋፉ ሮጦ ደረሰ። ቢጠይቁት ጭንቅላቱን አከከ። "እንዲህ ዓይነት ነገር በመመሪያው የለም" አለ።

መሰረት እንስራዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"እኔ ስንት ጊዜ ይዣታለሁ። መያዝ ማለት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ይኼ ሰውዬ አልያዛትም። ተነጠፈላት።"

ማሰሮ ያቀፈው ሁሉ እውነት ነው አለ።

በባጃጅ ወሰድኩት። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ከተማ ገብተን ፒያሳ ልንደርስ ስንል "አንቺን ምንም አልነካሽም አይደል?" አለኝ።

"ምንም።"

ኪሱ ገባ፣ ቁልፉን አውጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው። "እስኪሻለኝ ነው" አለ።

ወጌሻው እግሩን አሽቶ ከቤት እንዳትወጣ አለው። እኔ በጠዋት እከፍታለሁ። ሻይ ይዤ ጎረቤቶቼ ሲከፍቱ አያለሁ።

ትናንት "ሊሻለኝ ነው" ብሎ ላከብኝ። ጓጉንቸሩን ቀይሬዋለሁ። ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱን ለሱ ልሰጠው አስቤያለሁ፣ ወንድሜ ነው።

ከሰማይ ሲወርድ እሰጠዋለሁ።