የኩንታል መቀመጫ

ሽቦው አልበጠስ አለ። ውሃልክ መሬት ላይ ተንበርክኮ በፒንሳ ይታገለዋል፤ እጁን ላብ እያዳለጠው ፒንሳው ሁለት ጊዜ አመለጠው። ሽቦው የሚይዘው ከጆንያ የተሰፋች፣ ውስጧ ጭድ የተጠቀጠቀባት መቀመጫ ናት። ከትራክተሩ ኋላ በሚጎተተው መደልደያ ላይ፣ አግዳሚው ብረት መሃል ላይ ታስራ አራት ወር ኖራለች። ከሻጩ ድርጅት የምትላከው መካኒክ ከመድረሷ በፊት መቀመጫዋ መነሳት አለባት።

መደልደያው የተሰበረው ትናንት ከሰዓት ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ሲያስተካክሉ፣ አግዳሚውን ብረት የተሸከመው ክንድ ከብየዳው ላይ ጧ ብሎ ተገነጠለ። ዕቃው ከተገዛ ገና ሰባት ወሩ ነው፤ ዋስትናው ደግሞ ዓመት ሙሉ ነው። እንዲህ ሲሉት ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን የዋስትናው ወረቀት ግርጌ ላይ፣ መነጽር በሚያስፈልጋት ደቃቅ ጽሑፍ፣ "በመሣሪያው ላይ ተጨማሪ ክብደት የተጫነ እንደሆነ ዋስትናው አይጸናም" የምትል መስመር አለች። ትናንት ብረቱ ሲገነጠል ደግሞ ኩንታል ላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ኩንታል እህል አይደለም፤ ሰው ነው፣ የውሃልክ የታላቅ እህቱ ባል። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ወጥቶ መቶ አስራ ሁለት ኪሎ ቢመዝን ይህ ስም ወጣለት፤ እሱም ሳይቀየም ተቀበለው። ውሃልክም የራሱን ስም ያገኘው መሬት በዓይኑ ብቻ እያየ ስለሚያስተካክል ነው። ሁለቱም ሰባት አባላት ባሉት የመንገድ ስራ ማህበር ውስጥ ናቸው። ትራክተሩን ይከራያሉ፤ መደልደያው ግን ሁለት ዓመት ቆጥበው የገዙት የራሳቸው ንብረት ነው።

ችግሩ መደልደያው ቀላል መሆኑ ነው። መሬት ሲደርቅ ምላጩ አይነክስም፤ ላይ ላዩን ይንሸራተታል። ሌሎች ነጂዎች ድንጋይ ይጭኑበታል። ድንጋይ ግን ይንከባለላል፣ ማውጣት ማውረዱም ወገብ ይቆርጣል። ሰው ይሻላል ተባለ። ሰው "ውረድ" ሲሉት ይወርዳል፣ "ውጣ" ሲሉት ይወጣል፣ ጨዋታም ያውቃል። ኩንታል መቀመጫዋን ራሱ ሰፍቶ፣ ራሱ አስሮ፣ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረ ይጎተት ነበር። የማህበሩ ሰዎች በዚህ ዘዴያቸው ሲኮሩ ለጉድ ነው። ሞኝነት መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አይሰሙትም ነበር።

"ጨረስክ?" አለች የማህበሩ ሊቀመንበር ከኋላው መጥታ። ቁመቷ አጭር፣ እርምጃዋ ረጅም የሆነ ሴት ናት።

"ሽቦው አስቸገረኝ።" በመጨረሻ በጠሰውና መቀመጫዋን ወደ ቁጥቋጦው ወረወራት።

"መቀመጫዋ የፋቀችው ቀለምስ? ያብለጨልጫል እኮ።"

"ግራሶ እቀባዋለሁ።"

"ጭቃም ጨምርበት። ኩንታል ለጤና ጣቢያው ምን አለ?"

"ከቤቴ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ብሏቸዋል።"

"ጎሽ። ዝም አይነቅዝም።" ከዚያ ፊቱን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ክፉ ሆኜ እንዳይመስልህ። ክረምቱ በር ላይ ነው። ይሄ ብረት ካልተተካ ሰባታችንም እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው።"

"እህቴ ደብዳቤ ጠይቃኛለች። ስራ ላይ ነው የተጎዳው ተብሎ ካልተጻፈለት ሆስፒታሉ ከማህበሩ ጋር ባለው የሕክምና ውል አያክመውም።"

"እንዴት አድርገን? ለሆስፒታሉ ስራ ላይ ተጎዳ ብለን፣ ለመካኒኳ ማንም አልነበረበትም እንበላት? ሁለቱ ወረቀት አብሮ አይሄድም። እሷ አይታ ትሂድ፤ ከዚያ አዋጥተን እናሳክመዋለን።"

ውሃልክ ግራሶውን በጣቱ ዘግኖ ብረቱን መቀባት ጀመረ። ትናንት ብረቱ ሲጮህ ዞሮ ያየው ነገር ከዓይኑ አልጠፋ ብሎታል። ኩንታል መሬት ላይ ተዘርሯል፤ አግዳሚው ብረት ተገልብጦ ዳሌው ላይ ነው። ለአራት ሆነው ነው ያነሱለት። ፊቱ አመድ መስሎ ሳለ መጀመሪያ የተናገረው ቃል "ጋራንቲውስ?" የሚል ነበር። ቀጥሎም "እኔ እዚህ አልነበርኩም" አለ። ማንም አላስገደደውም። ይሄው ነው ውሃልክን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ያደረው።

መካኒኳ እዘገያለሁ ብላ ስትደውል፣ ብድግ ብሎ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው። እህቱ በር ላይ ቆማ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸውን መኪና ትጠብቃለች። ሰላም እንኳ አላለችውም።

"ከየትኛው ደረጃ ነው ባሌ የወደቀው?" አለችው። "ቤታችን ደረጃ የለውም።"

ውሃልክ ወደ በሩ ግርጌ አየ። በእርግጥም ቤቱ ደረጃ የለውም፤ መድረኩ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

"ሴትዮ፣ ልጁን ተይው" አለ ኩንታል ከውስጥ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ኩንታል ሲተኛባት ደግሞ ጭራሽ ጠበበች። በጎኑ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ውሃልክ አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ብሎ፣ አልጋው ሲነቃነቅ ሰውየው ጥርሱን ሲነክስ አየና ቆሞ ቀረ።

"በጣም ያምሃል?"

"ስስቅ ብቻ።"

"እንግዲያው አትሳቅ።"

"አንተን እያየሁ እንዴት አልስቅ? አፍንጫህ ላይ ግራሶ አለ።" ሊስቅ ብሎ ተወው። "መቀመጫዬን አነሳህ?"

"አነሳሁ።"

"አደራህን፣ መካኒኳ ፊት እንዳትርበተበት። አንተ ውሸት አይሆንልህም።"

"ለሆስፒታሉ ሐኪም ግን እውነቱን ንገረው።"

"ደረጃ ነው አልኩ፣ ደረጃ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ። ሐኪም እንደሆነ ስብራት እንጂ ወሬ አይጠግንም።"

መኪናው መጣ። ኩንታልን ተሸክመው ሲያስገቡት እህቱ የውሃልክን እጅ ገፋ አድርጋ የባሏን ትከሻ ራሷ ያዘች። ይህ ከስድብ የባሰ ከበደው፤ ልጅ ሳለ ያሳደገችው እሷ ናት።

ተመልሶ ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቀ በኋላ መካኒኳ ደረሰች። ወጣት ናት፣ ቱታዋ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ትንሽ መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዛለች።

"ነጂው እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ የሚነዳው ሰው አለ?"

"የለም። እኔ ብቻ።"

ብረቱን ከዳር ጀምራ በመዶሻዋ ኳ ኳ እያደረገች መጣች። አግዳሚው መሃል ስትደርስ ቆመች። ግራሶውን በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

"እዚህ ጋ ግራሶ ምን ያደርጋል? የሚሽከረከር ነገር የለውም።"

ውሃልክ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሊቀመንበሯ ቀደመችው፤ "እንዳይዝግ ብሎ ነው። ጥንቁቅ ሰው ነው" አለች።

መካኒኳ ጣቷን በጨርቅ ጠራረገችና የተገነጠለው ቦታ ላይ ጎንበስ ብላ ባትሪዋን አበራች። ብዙ ቆየች። ሦስት ፎቶ አነሳች። ከዚያ ውሃልክን በእጇ ጠራችው።

"ይዩት። ብየዳው ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ብቻ። ላይ ላዩን ነው የያዘው።"

"እና ጥፋቱ የፋብሪካው ነው?" አለች ሊቀመንበሯ ጠጋ ብላ።

"ብየዳው የፋብሪካው ጥፋት ነው። ጫና ካልነበረበት በሁለት ሳምንት አዲስ ይላክላችኋል። ጫና ከነበረበት ግን እኔ ላደርግላችሁ የምችለው ነገር የለም። ፋብሪካው የዋስትናውን ያቺን መስመር ይዞ ይከራከራል፤ ይረታልም።"

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ከብዕር ጋር ለውሃልክ ሰጠችው። "ይቺን ነጂው በእጁ ነው የሚሞላት።"

ወረቀቷ ላይ "መሣሪያው ሲሰበር በላዩ የነበረ ተጨማሪ ክብደት" ይላል፤ ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ ከባዶው ቦታ ቀጥሎ "ኪሎ ግራም"። ሊቀመንበሯ በትከሻው በኩል አጮለቀች። "ዜሮ በልባት" አለች፣ ቀላል ነገር እንደምታዘው ሁሉ። ውሃልክ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ስልኩ ጠራ።

እህቱ ናት።

"ራጅ ተነሳ። ዳሌው ተሰንጥቋል" አለች፣ ትንፋሽ እያጠራት። "ሽንቱ ደም አለው። ሐኪሙ ከደረጃ መውደቅ ብቻ እንዲህ አያደርግም፣ ከባድ ነገር ወድቆበት ከሆነ ሆዱን አሁኑኑ ማየት አለብኝ ይላል። እሱ ደረጃ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አንተ ነበርክ አይደል? ንገረኝ እንጂ ወንድሜ።"

ሊቀመንበሯ በእጇ ምልክት ታደርጋለች፤ ራቅ ብለህ አናግራት፣ ከዚያ ማዶ ሂድ። ትክክል ናት፤ ሃያ እርምጃ ቢሄድ ማንም አይሰማውም። ውሃልክ ምልክቷን አየ። ግን ሃያ እርምጃ እስኪሄድ የሚያልፈው ጊዜ በዛበት።

"ብረቱ ነው" አለ እዚያው ቆሞ። "መደልደያው ላይ ተቀምጦ ነበር። አግዳሚው ብረት ከነክብደቱ ዳሌው ላይ ወደቀ፤ ለአራት ነው ያነሳነው። ስልኩን ለሐኪሙ ስጪው።"

ለሐኪሙም ደገመለት፤ የቱ ጋ እንዳረፈ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየበት፣ ሁሉንም። ሐኪሙ አላመሰገነም፣ አልተቆጣም፤ "እሺ" ብሎ ዘጋው። ውሃልክ የትራክተሩን ጎማ ተደገፈ።

ሊቀመንበሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ይዛለች። መካኒኳ መዶሻዋን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ጠቅልላ ስትጨርስ ቀና አለች።

"እኔ የሰው ስልክ አልሰማም" አለች፣ ውሃልክን ሳታየው። "ወረቀቷ ገና አልተሞላችም። የሚጽፉትን እወስዳለሁ።"

ሊቀመንበሯ ብድግ አለች። ውሃልክ አጠገብ መጥታ በሹክሹክታ ለመነችው፤ ይቺ ሴት ስትለምን አይቷት አያውቅም። "አየህ፣ ይቺን ልጅ እግዜር ነው የላካት። ሐኪሙ አውቋል፤ ለኩንታል የሚደረገው ይደረጋል። አሁን ደግሞ ለሰባታችን አስብ። ብየዳው ባዶ ነበር፣ ራሷ ነው ያለችው። ማንን በደልን?"

ውሃልክ ማንን እንደሚበድሉ ፈልጎ አጣ። ፋብሪካውን? ፋብሪካው ሊያዝኑለት የሚገባ አይደለም። አዲስ መደልደያ ይመጣል፤ እንደዚህኛው ቀላል ይሆናል፤ መሬቱ ሲደርቅ አይነክስም። ከማህበሩ አንዱ ደግሞ ጆንያና መርፌ ያነሳል። ኩንታልም ደብዳቤ ሳይጻፍለት፣ በሌለ ደረጃ ላይ እንደወደቀ ይኖራል። መጀመሪያ እንዲቀመጥ የነገረው ራሱ ውሃልክ ነው፤ "አንተ ቁጭ በልበት እስቲ፣ ሲነክስ እንየው" ብሎ። ምላጩ ሲነክስ ሁለቱም እንዴት ተደስተው ነበር።

ይሄን ሁሉ ለሊቀመንበሯ ሊነግራት ፈለገ። "ይቅርታ አድርጊልኝ" ብቻ አላት።

ወረቀቷን ጎማው ላይ ዘረጋት። "ኪሎ ግራም" የሚለውን ሰረዘ። ባዶው ቦታ ላይ፣ ለቁጥር ተብሎ በተተወው፣ "አንድ ሰው" ብሎ ጻፈ።