መስመሩ ዝም ብሏል ያለው ሞደም

ወንድሜ ሹክሪ መስማት አይችልም፤ ግትርነት ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ተሰጥቶታል። እስክንድርያ ውስጥ ሰው ሁሉ ተሰርቆ የተቀዳ ዊንዶውስ ከገበያ ገዝቶ ሲጭን፣ የኔው ጻድቅ «ያልከፈልኩበትን አልነካም» ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚታደል ሥርዓት ላፕቶፑ ላይ ጫነ። ይጫን፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ችግሩ፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘው፣ ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለው ሞደም ግማሽ ሞደም ነው፤ ቀሪውን ሥራ ዊንዶውስ እንዲሠራለት ተደርጎ የተሠራ። ሊኑክስ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ሹክሪ ከውጭ በሽቦ የሚሰካ ያረጀ ሞደም ፈልጎ አገኘ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር።

ያ ሞደም ለእሱ ስልክ ማለት ነው። እጮኛው ዊዳድም እንደ እሱ አትሰማም፤ ቤቷ አስዋን፣ የባቡሩ መጨረሻ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ የእሱ ኮምፒውተር የእሷን ኮምፒውተር በስልክ መስመር ይጠራል፣ የእሷ ያነሳል፣ ከዚያ ሁለቱ እየጻፉ ያወራሉ። ኢንተርኔት የለበት፣ ሌላ ሰው የለበት፤ ከቤት ወደ ቤት ነው።

ኅዳር ላይ፣ እኛ መጥረጊያ የምንለው ከባሕር የሚነሳ ነጎድጓዳማ ማዕበል መጣ። መብረቁ በስልኩ ሽቦ ገብቶ ሞደሙን አቃጠለው፤ ሞደሙ የሚሰካበትንም የላፕቶፑን ቀዳዳ ይዞት ሄደ።

አስዋን የደረሰው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሹክሪ ዝም አለ። እኔ ለእናቷ ደውዬ የሆነውን ሁሉ አስረድቻለሁ። ዊዳድ ግን «በሰው አፍ የመጣ ቃል አልቀበልም፣ ራሱ ይንገረኝ» አለች። አልፈርድባትም። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው ሰው እየቀነሰና እየጨመረ ሲያወራላት የኖረች ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ሐምዳን ደግሞ የወንድሙ ልጅ ከኩዌት መጥቶ ልጅቷን እየጠየቀው ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ እናቷ ደወለች፣ ድምጿ በለቅሶ ታፍኗል።

«ኢጅላል ልጄ፣ ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ፋቲሓ ቀርተው ለወንድሙ ልጅ ሊያጯት ነው። ሐጂ ‹ያለ ምክንያት ዝም ያለ ወንድ ትቶ የሄደ ነው› ብሏል። ወንድምሽ ዛሬ ካልተገኘ በቃ፣ አለቀ።»

ላፕቶፑን በአንድ እጄ፣ ሹክሪን በሌላው ይዤ ወደ ወዲዕ ሱቅ በረርኩ። ወዲዕ ከአሜሪካ የሚመጡ ያገለገሉ የላፕቶፕ ዕቃዎችን ይሸጣል፤ አፉ ረጅም፣ ልቡ ደግ ነው። የቀረን ተስፋ በላፕቶፑ ጎን የሚገባ የሞደም ካርድ ብቻ ነበር። የሹክሪ የሊኑክስ ጓደኞች ግን «የላፕቶፕ ካርድ ብለህ አትልፋ፣ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ አታገኝም» ብለው ገና ከቤት ሳይወጣ ተስፋ አስቆርጠውታል።

«እንኳን ደህና መጣህ ኢንጅነር!» አለ ወዲዕ ሹክሪን እያየ። «ዛሬስ ምኑን ልታበላሽብኝ ነው?»

«ቀልዱን ተወውና ያሉህን ካርዶች በሙሉ አውጣ» አልኩት። «የስልክ መስመርህንም ስጠን።»

«እህቴ፣ አማቴ ልትደውል ትችላለች።»

«ሌላ ቀን ትደውል!»

ሳቀና ሽቦውን ከስልኩ ነቅሎ ሰጠኝ። ሹክሪ የመጀመሪያውን ካርድ ሰካ። ሊኑክስ አወቀው። ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል ሹክሪ የአስዋኑን ቁጥር አስደወለ፣ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። ካርዱን አውጥቶ ሁለተኛውን አስገባ፤ ያንንም ሊኑክስ አወቀው፣ ፊቱ እንደገና ጠቆረ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከመስጊዱ የአስር አዛን ተሰማ። አሁን ዊዳድ ኮምፒውተሯ አጠገብ ነች፣ ወይም ደግሞ ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች።

ሹክሪ ላፕቶፑን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ምንድን ነው የሚለው?» ብዬ በእጄ ጠየቅኩት።

«መስመሩ ዝም ብሏል፣ ድምፅ የለውም ይላል» አለኝ በእጁ። «ሦስቱም። ጓደኞቼ እውነታቸውን ነው፣ ካርዶቹ አይሆኑም።»

«ምን ማለት ነው ዝም ብሏል?» ወደ ወዲዕ ዞርኩ። «ስልክህ ተበላሽቷል እንዴ?»

«ኧረ አታሟርቺብኝ! እናንተ ልትገቡ ስትሉ እኮ እያወራሁበት ነበር።»

ሽቦውን ከካርዱ ነቅዬ ወደ ስልኩ መለስኩና እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። እምምም ይላል፣ ጥርት ብሎ፣ ያለ ማቋረጥ።

«አለ!» አልኩት ሹክሪን። «ድምፁ አለ!»

«የለም። ማሽኑ የለም ብሏል።»

«እየሰማሁት ነው!»

«ሦስት ካርድ እንዴት አንድ ዓይነት ይዋሻል?»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። እጆቼን በፊቱ እያወናጨፍኩ «ስለ ኮምፒውተር እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አልኩት፤ «ስለ ጆሮ ግን ከአንተ ጋር አልከራከርም!»

ወዲዕ የእጅ ቋንቋ ባያውቅም ነገሩ ገብቶት ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ሹክሪ አልሳቀም። ግንባሩን በእጁ መታ።

«አሜሪካ ነው የተሠሩት» አለኝ፣ ጣቶቹ እየተቻኮሉ። «የሚጠብቁት የአሜሪካን ስልክ ድምፅ ነው። የእኛ ሌላ ዓይነት ነው፣ አያውቁትም። የድሮው ሞደሜ እዚሁ የተስተካከለ ስለነበር ይህ ገጥሞኝ አያውቅም።»

እንግዲህ ይህን ስህተት የሚሳሳት የእኔ ወንድም ብቻ ነው። ስለ ድምፅ የማሽንን ቃል ያለ ጥያቄ የሚቀበል እሱ ነው፤ ሊኑክስ ያለበት ነገር አይሠራም ሲባል ደግሞ ማንም ሰው ስልኩን አንስቼ ልስማ አይልም። እኔም ጆሮዬን ተሸክሜ ስቆም ቆይቼ ነው ትዝ ያለኝ።

ሽቦውን ወደ ካርዱ መለስን። ሞደሙን «ድምፅ አትጠብቅ፣ ዝም ብለህ ደውል» የሚል ትንሽ ትእዛዝ ጻፈ። መዳፉን ላፕቶፑ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ፤ እኔ የሰማሁትን ከፊቴ ሊያነብ ነው። ቁጥሮቹ ጠቅ ጠቅ አሉ። ጠራ። እንደገና ጠራ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ተነሳና ሁለቱ ሞደሞች የሚጠራሩበት ያ የተባረከ ጩኸት ሱቁን ሞላው፣ ሁለት ድመቶች የተናከሱ ይመስል። ወዲዕ ጆሮውን ይዞ «ማርያም ድረሽ!» አለ። እኔ ለሹክሪ ራሴን በ«አዎ» እየነቀነቅኩ አለቅሳለሁ።

ኮምፒውተሯን አልዘጋችውም ነበር። አኩርፋም፣ አልቅሳም፣ በየቀኑ ከአስር በኋላ ከፍታው ትጠብቅ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ፊደል መጣ። «ኢጅላል ነሽ?»

«እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ ሹክሪ። «ሞደሙን መብረቅ አቃጠለው።»

ከዚያ፦ «አንተ ከሆንክ የት ነበር ቀለበቴን የጣልኩት?»

«አልጣልሽውም። ከጣትሽ ሾልኮ የባቡሩ ወንበር ሥር ገብቶ ነበር፣ እኔ ተንበርክኬ ሳወጣው ጭንቅላቴን ገጨሁ፣ አንቺ ሳቅሽ።»

ቀጥሎ የመጣው ጽሑፍ ቀርፋፋ ነበር፣ በአንድ ጣት ፊደል በፊደል እየተለቀመ።

«ሐጂ ሐምዳን ነኝ። ሰው ከሞተ ይነገራል፣ መብረቅ ከመታውም ይነገራል ብዬ ነበር። ተነግሮኝ አላመንኩም፣ ይቅር በለኝ። የወንድሜ ልጅ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ልጅቷ እየገፋችኝ ነው፣ ወንበሩን ልልቀቅላት።»

ወዲዕን አቀፍኩት። ክርስቲያን ነው፣ ባለትዳር ነው፣ መንገደኛው ሁሉ ያያል፤ ይይ!

ከዚያ ፊደሎቹ እየተግተለተሉ መጡ፣ የሹክሪ ጣቶችም ቁልፎቹ ላይ ይሮጡ ጀመር። አንገቴን ሰግጌ ላነብ ስል ቀና ብሎ አየኝና በአንድ እጁ «ዞር በይልኝ» አለኝ። ፊቱ ቀልቷል።

ከማዕበሉ ወዲህ የእሱ አፍ እኔ ነበርኩ፣ የእሷም ጆሮ እኔ። ዞር አልኩና በሱቁ በር ላይ ቆሜ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«ምን ተባባሉ?» አለ ወዲዕ እየተንጠራራ። «ንገሪኝ እንጂ!»

«እኔ ምን አውቄ!» አልኩት፤ ይህን ቃል በማለቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።