ፊደሉ የኛ፣ ቋንቋው የሌላ

ዘነቡ ክሪስታል በምትባል የፈረንጅ ከተማ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ከምትንከባከባቸው ሰዎች ሁሉ ለአባባ ቱዋን ታደላ ነበር። ሲያጥቧቸው እንደ ሙሽራ የሚያፍሩ፣ ለትንሽ ለትልቁ "አመሰግናለሁ" የሚሉ የቬትናም ሽማግሌ ናቸው። ማድላት ነውር ነው የሚል ካለ እሳቸውን አንድ ቀን አጥቦ ይሞክረው።

በፈረንጆቹ 2005 መስከረም ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ትተው ስለ ምቾት ብቻ ማውራት ሲጀምሩ፣ ሽማግሌው ከትራሳቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከላይ ወደ ታች በቀለም ተጽፎበታል። በሃያ አራት ዓመታቸው፣ አባታቸውን እምቢ ብለው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሰደዱ፣ አባትየው በር ላይ ቆመው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የሰጧቸው ነው። እሳቸው የተማሩት በላቲን ፊደል ነበርና ማንበብ አልቻሉም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንንም አላስነበቡም።

"እርግማን ከሆነስ ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ" አሏት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "አሁን ግን ሳላውቅ መሞቱ ባሰብኝ።"

ዘነቡ ክው አለች። የወለጋ ልጅ ናት፤ የአባት እርግማን ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻትም።

የሥራ ባልደረባዋ ሂሩት ወረቀቱን ገና ስታየው፣ "ቻይንኛ አይደል እንዴ! በእረፍት ሰዓትሽ ድራይቭ አድርገሽ ለዚያ ለቻይና ሬስቶራንት ሰውዬ አሳዪው" አለቻት። ለሂሩት ነገር ሁሉ ቀላል ነው።

ባለ ሬስቶራንቱ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ፤ አገላበጠው፣ ግንባሩን ቋጠረ። "ይህ 'አባት' ይላል። ይኼኛው ግን የኛን ይመስላል እንጂ እኛ ዘንድ የለም። ፊደሉ የኛ ነው፣ ቋንቋው የሌላ" ብሎ መለሰላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። ዘነቡን ግን ሳቅ አመለጣት። የገዛ አባቷ ከነቀምት የሚልኩላት ደብዳቤ ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ የግዕዝ አይደል? አንድ ቀን ሂሩት አንዱን አንሥታ ከላይ እስከ ታች አነበነበችና "ለመሆኑ ምን አልኩ?" ብላ ጠይቃታለች። የአባባ ቱዋን አባቶችም ከቻይና ፊደል ተውሰው፣ የጎደለውን ራሳቸው ቀጣጥለው፣ የገዛ ቋንቋቸውን ጽፈውበታል ማለት ነው። እንግዲያው የሚፈለገው ቻይናዊ ሳይሆን የድሮ ትምህርት የቀመሰ የአገራቸው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሴንት ፖል ከተማ ካለው የቬትናሞች ቤተ መቅደስ ተገኘ። ቅዳሜ ከሰዓት ጴንጤዋ ዘነቡ የሰማንያ ዓመት የቡድሃ መነኩሴ በመኪናዋ ጭና መጣች፤ ፓስተሯ ቢሰሙ የሚሉትን እሳቸው ያውቃሉ።

መነኩሴው መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው አነበቡ። ዘነቡ አንድም ቃል አልገባትም። ዓይኗን ከአባባ ቱዋን ፊት ሳትነቅል ቆመች። ፊታቸው ጠቆረ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እርግማን ነው አለች በልቧ፤ ይህን ሁሉ ደክማ ለእርግማን! በራሷ ተናዳ እጃቸውን ያዘች።

"ምን ይላል፣ አባባ?"

በሌላ እጃቸው እንባቸውን ጠርገው በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ተረጎሙላት።

"'ልጄ፣ ይህን ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ' ይላል። 'እኔም ሌላ ፊደል አልተማርኩም። በሄድክበት የሚያነብልህ ሰው አትጣ።'"

ምርቃት አሜን ባይ ይፈልጋል። ዘነቡ እጃቸውን እንደያዘች፣ እያለቀሰች፣ "አሜን" አለች።