የሚጣደፈው ሰዓት

እንዲህ የሚጣደፍ ነገር እንዴት ዕድሜ ይኖረዋል? ማንን ልጠይቅ? የሆዶን ልጅ ሰዓት በግራ ጆሮዬ፣ የሟች ባለቤቴን አሮጌ ሰዓት በቀኝ ጆሮዬ ለጥፌ ተቀምጬ ነበር። የባለቤቴ ረጋ ብሎ ይመታል። ያኛው ግን ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ልብ ይርበተበታል።

ሆዶ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ልጇ ለሠርጉ የሚያደርገውን ሰዓት ያስጸዳችው የልጅ ልጄ ናዝሬት ዘንድ ነው። ሥራው ካማራት፣ ሱቋ ውስጥ የሰዓት መጠገኛ ጥግ ልትሰጣት ተነጋግረዋል። እኔ ደግሞ ሐምሌ ላይ የከተማችን ሱቆች ከተቃጠሉበት ግርግር ወዲህ ገበያ ሲባል የሚታየኝ የሚነድ ሱቅ ነው። እዚሁ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ብትሠራ ምን አለበት?

ሆዶ ገብታ ገና ሳትቀመጥ አላስቻለኝም።

«ይሄ ሰዓት ልቡ ይሮጣል፤ ጤና የለውም» አልኳት።

«ኧረ እማዬ!» አለች ናዝሬት።

ሆዶ ሳቀች። «ከሽንሌ ድረስ ያስመጣሁት የሚሮጥ ፍየል ነው እንዴ? አንቺስ ናዝሬት፣ ምን ትያለሽ?»

«የአያቴ ሰዓት ሰከንዷን አምስት ቦታ ይከፍላታል፤ ይሄ አሥር ቦታ» አለች ናዝሬት። «ሰከንዷ ያችው ናት። አሥር ቦታ ሲከፍላት፣ ክንድ ሲወዛወዝ ቶሎ አይሳሳትም። አሠራሩ እንዲህ ነው።»

«ዘይቱስ? እንዲህ እየሮጠ አይደርቅበትም?» አልኩ።

«እሱን ልክ ነሽ። ቶሎ ቶሎ መታየት ይፈልጋል።»

የሆዶ ሳቅ ጠፋ። «ልጄ በሰው ፊት የቆመ ሰዓት አድርጎ ቢገኝ መሳቂያ ነው የምንሆነው። ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?»

«አትወስድም!» አልኩ ናዝሬት አፏን ሳትከፍት። «ነገ ቢቆም ልጄን ልትከሺያት ነው? ገና እጇ አልጠናም!»

ናዝሬት ዞራ አየችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ እጅ ስትሠራ ከጎኗ ነበርኩ።

«ወላሂ እማማ» አለች ሆዶ፣ «የቤቷ ሰው ያላመናትን እኔ እንዴት ልመናት?»

«እወስዳለሁ» አለች ናዝሬት። «ቢቆም እኔን ጠይቂኝ።»

ሆዶ ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ሻርፗን አስተካከለች። «ነይ እንግዲያው፣ ጥጉን ላሳይሽ። ውጭ የቆመው ባጃጅ ውስጥ እጠብቅሻለሁ።»

ናዝሬት ወረንጦዎቿን፣ ማጉያ መነጽሯን፣ የዘይት ብልቃጧን አንድ በአንድ ጠቀለለች።

«ምሳ ሳትበዪ? ስልክሽን እንዳታጠፊ። ግርግር ካየሽ ቶሎ ተመለሽ፣ እሺ? እጇ አልጠናም ያልኩት እኮ… ናዝሬት?»

ቦርሳዋን አነሳች። ወጥታ ባጃጁ ውስጥ ገባች።