ራስ ቅል የሌለው በርሜል

"አንዱ ይበቃል አልኩህ።"

"አይበቃም ማማ። ትላንት ሁለት ነው ያሉኝ እራስዎ ነዎት።"

"ትላንት ተለጣፊው ያለ መስሎኝ ነዋ። አሁን የለም። የሌለ ነገር በምራቅ አይለጠፍ።"

ጄፍዋ የተለጣፊውን ጥቅል እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። ቀይ ነው፣ ነበልባል አለበት፤ ይቀጣጠላል ማለት ነው። ይሄኛውስ ሞልቷል። የጠፋው ነጩ ነው፣ ራስ ቅልና ሁለት አጥንት ያለበት፤ መርዝ ማለት ነው። ግቢው መሃል የቆመው መኪና የጫነው ደግሞ ሜታኖል ነው። በትልቅ ታንክ ከመርከብ ወርዶ፣ እዚሁ በበርሜል በበርሜል ተቀድቶ የተጫነ። ሜታኖል ሁለቱንም ነው፤ እሳት ካየ ይነድዳል፣ ሰው ከቀመሰው ይገድላል።

ማማ ዙሌካ ሕጉን አጥታው አይደለም። የሞምባሳ ወደብ ላይ ዕቃ ስታስወጣ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ጄፍዋ ሥራ የገባ ቀን ያስረዳችው እሷ ነበረች። "አንድ ዕቃ ሁለት ጠባይ ሲኖረው ዋናውና ተከታዩ ይለያል" አለችው። "የዚህ ዋናው እሳቱ ነው፣ መርዙ ተከታይ። ግን ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ያለ አንዱ ከቤት አይወጣም።" ዛሬ ሚስትየዋን ጥላ ባልየውን ብቻውን መንገድ ልትሰደው ነው።

"አዲሱ ተለጣፊ ከናይሮቢ የሚደርሰው ነገ ነው" አለች። "የመተላለፊያው ፈቃድ ዛሬ ማታ ያበቃል። ካምፓላ ያለው የቀለም ፋብሪካ በየሰዓቱ ይደውልልኛል። ይሄ ዕቃ ዛሬ ካልወጣ ጉምሩክ ይወርሰዋል፣ እኔም ግቢውን ዘግቼ ካሳቫ እየጠበስኩ እሸጣለሁ።"

"ካሳቫ ያዋጣል ማማ።"

"አፍህን ዝጋና ለጥፍ።"

ጄፍዋ አፉን ዘጋ። ለእሱ አፍ መዝጋት በርሜል ከመሸከም ይከብዳል። የዘጋው ግን ቁጣዋን ፈርቶ አይደለም። ራስ ቅሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ራስ ቅሎቹ ከተማውን እየዞሩት ነው፣ ባጃጅ ኋላ ላይ ሆነው። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዳሩ በተቀደደ ተለጣፊ ነው። ከሚጣል ብሎ ለጎረቤቱ ባጃጅ ለጠፈለት። ባለባጃጁ በነጋታው "ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኝ ጀመር" እያለ መጣ። እንዲያውም አነዳዱን ላየ ሰው ምልክቱ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ወረፋ ሆነ። አንድ ራስ ቅል በሰጠ ቁጥር ሳምንቱን በነጻ ይሳፈራል። ጄፍዋ እንደ ሚኒስትር ከደጁ በባጃጅ እየተነሳ ሥራ ይገባ ጀመር፣ ስንቱን እንደሰጠም አልቆጠረም። ነጩን ጥቅል የሚፈልገው አልነበረማ። ግቢው ሲጭን የከረመው የመድኃኒት ፋብሪካ አልኮል ነው፣ ለእሱ ነበልባሉ ብቻ ይበቃዋል።

ጣጣው እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጄፍዋ ቢበዛ ሥራውን ያጣል። ግን ሾፌሩ ካሂንዲ ነው።

ካሂንዲ የእህቱ የዳማ ባል ነው። እዚህ ግቢ ያስገባውም እሱ ነው። ባለፈው ወር ያንን አልኮል ሲያጓጉዝ ከመጨረሻው ረድፍ በጄሪካን ቀድቶ ማሪያካኒ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ለአረቄ ነጋዴዎች ሸጠው። የተረፈውን ቤት አምጥቶት ጄፍዋም በማንጎ ጭማቂ በጥብጦ ጠጥቷል። ራሱን ካመመው በቀር ምንም አልሆነም። ያ አልኮልና የዛሬው ሜታኖል መልካቸው ውሃ፣ ሽታቸው አንድ ነው። በርሜሉ ላይ የሚለያቸው ራስ ቅሉ ብቻ ነበር።

ቆሞ አሰበው። ሾፌሩ ይቀዳል ብሎ ለዙሌካ ቢነግራት አማቹ ይታሰራል፣ የዳማ ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ተለጣፊውን የጨረስኩት እኔ ነኝ ቢላት ይባረራል፣ መኪናው ግን ያው ይሄዳል። ዝም ቢልስ? ሰፈራቸው አንድ ባባ ሙዬ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ዓምና እንዲህ ያለውን ጠጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ "መብራቱን ምነው አጠፋችሁት?" እያለ ነው የሞተው። ጄፍዋ ያን ቀን ቀልድ መስሎት ስቋል።

ነበልባሉን እየለጠፈ የመኪናውን ዙሪያ ጨረሰና ወደ ካሂንዲ ሄደ። ካሂንዲ በመኪናው ጥላ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ፣ ሎሚና በርበሬ የተነሰነሰበት የካሳቫ ጥብስ ይበላል።

"አማቼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትጮህ።"

"ብድር ከሆነ አሁኑኑ እጮሃለሁ።"

"ብድር አይደለም። የዛሬውን እንዳትነካው።"

"ምኑን?"

"ምኑን ይለኛል ደግሞ። ጄሪካኑን ከወንበሩ ሥር አይቼዋለሁ። ይሄ እንደ ባለፈው አይደለም። መርዝ ነው።"

ካሂንዲ አንገቱን አዙሮ በርሜሎቹን አየ። "እሳት ብቻ ነው የማየው።"

"ሁለተኛው ምልክት አልቆ ነው።"

"ማን ጨረሰው?"

"አለቀ አልኩህ'ኮ። ዓይን ያጠፋል፣ ዳማ ትሙት። ባባ ሙዬን ረሳኸው?"

ካሂንዲ ማኘኩን አቆመ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ። ጄፍዋ ገባው ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ።

"እኔ መቼ እጠጣዋለሁ አልኩ?" አለ ካሂንዲ።

"የሚገዙህስ?"

"እነሱ የለመዱ ናቸው። ውሃ ያበዙበታል።"

"መርዙ በውሃ አይሞትም።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኬሚስት የሆንከው? እኔ ለምኜ ባላስገባህ እስካሁን ጀልባ ላይ ዓሣ ትፍቅ ነበር።" ካሂንዲ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም ከየት የማመጣው ይመስልሃል? ከማማ ደመወዝ? ትንፍሽ ትልና ማታ ለእህትህ አንተው ታስረዳታለህ።"

ካሳቫውን የጠቀለለበትን ወረቀት ጨምድዶ ወረወረና ወደ ጋቢናው ወጣ። መስኮቱን ከፍቶ፣ እግሮቹን በመስኮቱ አውጥቶ ተጋደመ። ማማ ሰነዱን ስትጨርስ ትቀሰቅሰኛለች ማለቱ ነው።

ከመስጊዱ የአስር ሶላት ጥሪ ተሰማ። ማማ ዙሌካ የቢሮዋን በር ገርበብ አድርጋ ወደ ኋላ ክፍል ገባች። የበሩ ዘበኛም ምንጣፉን ይዞ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ተከተላት። ግቢው ተቆልፎ፣ ጄፍዋ፣ የተኛው ካሂንዲና በርሜሎቹ ብቻ ቀሩ። ሙቀቱ ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። የትም መሄጃ የለም። ባጃጆቹን ደውሎ ቢጠራ እንኳ፣ የተለጠፈ ራስ ቅል ሲላጥ ተቀዶ ነው የሚወጣው።

መጋዘኑ ጥግ የበርሜል ቁጥር የሚጻፍበት ጥቁር ቀለም ከነብሩሹ አለ። አነሳው።

የጀመረው ከመጨረሻው ረድፍ ነው፤ ካሂንዲ የሚቀዳው ከዚያ ነዋ። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍንጫ፣ ጥርስ፣ ከሥር ሁለት አጥንት። የመጀመሪያው በሳቅ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላል። ሁለተኛው ጥርሱ በዛ። ሦስተኛው ራስ ቅል መምሰል ጀመረ። ቀለሙ በክርኑ እየወረደ፣ ሸሚዙን እያበላሸ፣ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለው። የካሂንዲ ማንኮራፋት ከጋቢናው ይሰማዋል። ባቆመ ቁጥር እሱም ብሩሹን ያቆማል፤ ሲቀጥል ይቀጥላል።

ማማ ዙሌካ የሶላት ሻሿን ሳታወልቅ መጥታ ከኋላው ቆመች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ራስ ቅል ነው ማማ።"

"ጦጣ ነው።"

"ጦጣዎቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ወደዚህ ሲመጣ እያማረበት ሄዷል።"

አልሳቀችም። ጄፍዋ ከመኪናው ወርዶ ፊቷ ቆመ። ብሩሹን የት እንደሚያደርገው ስለጠፋበት ያዘው።

"ተለጣፊዎቹን ለባጃጆች የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጥቅሉን እንዳለ። ሥራውን ይውሰዱት፣ ምንም አልልም። እነዚህን ግን አያስጠርጓቸው።"

"ዛሬ ጠዋት የመጣሁበት ባጃጅ ኋላው ላይ ነበረው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ደግሞ ሂሳብ ከፍዬ አመስግኜው ወረድኩ።"

"ይቅርታ ማማ።"

"ከነገ ጀምሮ እንዳላይህ።"

"እሺ ማማ።"

"በእጅ የተሳለ ነገር ሕግ አያውቀውም። ፈታሽ ከያዘኝ፣ ባዶውም ጦጣውም ቅጣቱ አንድ ነው።" እንደገና በርሜሎቹን አየች። መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ራስ ቅል በጥርሱ ሙሉ ይስቅባታል። "እንግዲህ የጀመርከውን ጨርስና ውጣልኝ። ያ ሾፌር ይነሳ፣ ሊመሽ ነው።"

ጄፍዋ የጋቢናውን በር በብሩሹ እጀታ መታው። ካሂንዲ ዓይኑን እያሸ ወረደ፣ መኪናውን ዞሮ መጣ፣ ከኋላ ሲደርስ ቆመ። ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ከዚያ ጄፍዋ ክርን ላይ ያለውን ቀለም አየ።

"ይሄንን አልነዳም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?" አለች ዙሌካ። "ነበልባሉ ብቻ ሲለጠፍበት ምንም አላልክ። ሲሳልበት ነው የፈራኸው?"

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ፍተሻ ኬላ አንድ ውሸት ይፈጥር ነበር። ጄፍዋም ይሄንኑ ነበር የጠበቀው፤ እንዲያውም ውሸቱን በልቡ እያቀበለው ነበር። ካሂንዲ ግን ገና ከእንቅልፉ መንቃቱ ነው፣ ንዴቱም ከእሱ ቀድሞ ነቅቷል።

"እርስዎ በሚከፍሉኝ ቤት አይተዳደርም" አላት። "ራስ ቅል ያለበትን ደግሞ ማሪያካኒ ላይ ማንም አይገዛኝም።"